ጋስኬቱ አዲስ፣ ዘይቱ ግን ይፈሳል፦ የድሮ ሞተር ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ የድሮ መኪና ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ቮልስ፣ ላዳ፣ ላንድሮቨር፣ ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጣው የጥንቱ ላንድክሩዘር ሁሉ በእጄ አልፏል። ዘይት አፈሰሰብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገራት ቃል አንድ ናት፦ «ጋስኬቱን እኮ ባለፈው ወር ነው ያስቀየርኩት!» ጋስኬት ማለት በሁለት የሞተር ክፍሎች መጋጠሚያ መካከል ገብታ ዘይት እንዳይወጣ የምታሽገው የቡሽ፣ የጎማ ወይም የወረቀት ቁራጭ ናት። እኔም የምጠይቀው አንድ ነው፦ «ማን አጠበቀው?»

የዘይት ልክ ማየት፣ የማፍሰሻውን ብሎንና የፊልትሮውን መጥበቅ መነካካት ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። ከልኩ በላይ ሞልቶ «አፈሰሰ» የሚል አለ፤ እሱ መጀመሪያ ይቀንስና ይምጣ።

ምንጩን ሳታዩ ብሎን አትፍቱ

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ የቬንትሌተሩ ንፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበት ሌላ፣ የሚወጣበት ሌላ ነው። ከቫልቮላ ክዳኑ (ሞተሩን ከላይ ከሚሸፍነው) የሾለከ ዘይት ብሎኩን ይዞ ወርዶ ከታች ከኮፓው (ከዘይት መያዣው ሳህን) ጥግ ይንጠለጠላል፤ ሰው ያንን አይቶ ኮፓ ያስፈታል። ገንዘቡም ጊዜውም ሄደ፣ ዘይቱም አልቆመም።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ በናፍጣና በብሩሽ እጠቡት፣ በሳሙና ውሃ አለቅልቁትና ይድረቅ። ከዚያ ጠመኔ ፈጭታችሁ ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሱበትና ጫጫ ድረስ ነድታችሁ ተመለሱ። በነጩ ላይ ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበው ነጥብ ምንጩ ነው። አንዱ ደንበኛዬ ጠመኔ አጣሁ ብሎ የምንጃር ማኛ ዱቄት ነስንሶ መጣ። ምንጩን በደንብ አሳይቶናል፤ ቤቱ ሲገባ ምን እንደጠበቀው ግን አልጠየቅኩትም። በቤንዚን አትጠቡ፤ ሙቅ ሞተር በቤንዚን ሲያጥብ ቅንድቡን ያጣ ልጅ አውቃለሁ።

ዋናው በሽታ፦ ከተቀየረ ሳይቆይ መልሶ የሚረጥብ ክዳን ወይም ኮፓ

ምልክቱ። አዲስ ጋስኬት ከገባ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው ዘይቱ በሁለት ብሎኖች መካከል ብቅ ይላል። ልብ በሉ፣ በብሎኑ ሥር አይደለም፣ በመካከል ነው። ባለቤቱ ቁልፍ ያነሳና ያጠብቀዋል፤ ሁለት ቀን ደርቆ ይከርምና ከፊቱ ብሶ ይመጣል። ደግሞ ያጠብቃል።

ምክንያቱ ያው ማጥበቁ ነው። የቫልቮላ ክዳንና የኮፓ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ቀጭን ብሎን ነው፤ የሚፈልገው 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ጋስኬቱ ቡሽ ሲሆን ከዚያም ያንሳል። ይህ ማለት ቁልፉን ከራሱ አጠገብ በሁለት ጣት ይዞ እምቢ እስኪል ማዞር ነው። እጀታው ክንድ የሚያህል ቁልፍ ይዞ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የሚጎትት ሰው የዚህን ብዙ እጥፍ ይሰጠዋል። ክዳኑ ደግሞ ላሜራ ነው። በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ጋስኬቱ ይሰረጉዳል፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ወደ ላይ ያብጣል። ቡሹ ከብሎኑ ሥር ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ይተፋል፣ መካከሉ ላይ ግን የሚጫነው የለም። ላሜራው አንዴ ከተሰረጎደ በኋላ የፈለጋችሁትን ውድ ጋስኬት ብትገዙለት ለውጥ የለውም።

አንድ አባት ከመሐል ሜዳ ላንድሮቨራቸውን ይዘው መጡ። በአንድ ዓመት አራተኛ ጋስኬታቸው ነው። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ቆማም ታነባለች» አሉኝ። «አባባ፣ የሚያጠብቀው ማነው?» ብላቸው፣ «የልጅ ልጄ ነው፤ ጉልበቱ የበሬ ነው!» አሉ፣ ኮራ ብለው። ክዳኑን ፈትቼ በመስኮት መስታወት ላይ በአፉ ደፋሁት። መሐሉ ወርዶ ሁለቱ ጫፎች ተነስተዋል፤ አንዱን ጥግ በጣቴ ስጫነው እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ቋ ቋ አለ። የዚህ ሞተር ክዳን ከላይ በሦስት ዳዶ ብቻ ነው የሚያዘው፤ በየዳዶው ሥር የጎማ ማሸጊያ አለ። ሦስቱም ጎማዎች እንደ ደረቀ ቆሎ ተሰነጣጥቀው በእጄ ላይ ፈረሱ። ዘይቱ ግማሹ በጋስኬቱ ሳይሆን በእነሱ በኩል ነበር የሚወጣው። አራት ጋስኬት ሲገዛ ሦስት ቁራጭ ጎማ የገዛ የለም።

ክዳኑን አቃንቼ፣ ጎማዎቹን ቀይሬ፣ በሁለት ጣት አጠበቅኩት። የልጅ ልጅየው አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ «በቃ? ይሄው ነው?» አለኝ፤ እጁን አሳክቶታል። ለመስቀል ሲመጡ ክዳኑ ዙሪያ አቧራ እንጂ ዘይት አልነበረም።

መፍትሄው። ክዳኑን ወይም ኮፓውን ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡ። የድሮውን ጋስኬት በእንጨት ወይም ባልተሳለ ስለት ፋቁ፤ አሉሚኒየም ላይ ካቻቪቴ እንዳይነካ፣ አንድ ጭረት ለዘይት መንገድ ነው። ከዚያ የላሜራውን ከንፈር በወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፉና የተሰረጎደውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ጋስኬቱ በሚያርፍበት በኩል በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ መልሱት። መምታት አይደለም፣ መኮርኮር ነው። በየመሐሉ መስታወት ላይ እየደፋችሁ ከኋላው የእጅ ባትሪ አብሩ፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ ገና አልቀናም። ክዳኑ ቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም ከሆነ መዶሻ ወዲያ በሉት፣ ይሰበራል፤ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግታችሁ ክዳኑን በስምንት ቅርጽ እያዞራችሁ ሙሉ ዙሪያው እስኪነካ ፈትጉት።

ሲገጠም ቡሹን በክዳኑ በኩል ብቻ በቀጭን ማስቲሽ አጣብቁት፣ በሞተሩ በኩል ደረቅ ወይም ስስ ግሪስ ይሁን። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ ሳይቀደድ ይነሳላችኋል። ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያቀያየራችሁ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። አንድ ቀን ነድታችሁ ሲቀዘቅዝ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጉት፤ ቡሽ ትንሽ ይተኛል። ከዚያ ወዲያ አትንኩት። «ለመተማመኛ» ብሎ የሚጨምራት ሩብ ዙር ናት ሁሉንም የምታበላሸው።

ላዳ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የላይኛው ክዳን ዳዶዎች ሥር ሰፋ ሰፋ ያሉ ልዩ ሮንዴላዎች አሉ፤ ጫናውን ለላሜራው የሚያከፋፍሉት እነሱ ናቸው። አንዱ መካኒክ ይጥላቸዋል፣ ሌላው በተራ ክብ ሮንዴላ ይተካቸዋል፣ ከዚያ ክዳኑ ይሰረጉዳል። ከቻላችሁ ከተፈታ ላዳ ለምናችሁም ቢሆን አምጡ።

ሲሊኮን፦ መድኃኒት ሲበዛ መርዝ

«ጋስኬት ምን ያደርጋል፣ ሲሊኮን ቀብተን እንዝጋው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ወደ ውጭ ተጨፍልቆ የወጣው ቀይ መስመር ያህል ወደ ውስጥም ገብቷል። የውስጡ ተበጥሶ ዘይት ውስጥ ይዋኛል፣ ከዚያ የዘይት ፓምፑ ወንፊት ላይ ይለጠፋል።

አንድ ላንድክሩዘር ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን ሲወጣ ደብረ ሲና ላይ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሹፌሩ ዘይት ጨመረ፤ መብራቱ ግን ያው። ደግነቱ ሞተሩን አጥፍቶ በሌላ መኪና አስጎትቶ አመጣው። ኮፓውን ሳወርድ ወንፊቱ ላይ ቀይ ፓስታ የተደፋበት ይመስላል፤ ከሲሊኮኑ ነፃ የቀረው የወንፊቱ ቦታ ጥፍሬን አያህልም። ሌላ ጋራዥ ኮፓውን ያለ ጋስኬት፣ ግማሽ ቱቦ ሲሊኮን ጨርሶበት ነበር የዘጋው። መብራቱን ንቆ ጣርማበር ልድረስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታው (ዘንጎቹ የሚሽከረከሩበት መደገፊያ) ሁሉ ያልቅ ነበር። ለአምስት ሊትር ዘይት ብለው የገቡበት ጥገና ሙሉ ሞተር ሊያስበላቸው ነበር።

ሲሊኮን ቦታ አለው። ሁለት ጋስኬት ጫፍ ለጫፍ በሚገናኝበት ጥግ፣ ወይም የኮፓው ከንፈር በግማሽ ክብ ላይ በሚያልፍበት ማእዘን፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠብታ። ዘይት የሚችል መሆኑ በቱቦው ላይ የተጻፈ ይሁን። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው፣ ለሞተር አይሆንም።

ጋስኬት ስትገዙ

ሶማሌ ተራም ሂዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ግዙ፣ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። «ኦርጂናል» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ለማተም ፈቃድ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ክዳኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከፍላችሁ ሳትወጡ ጋስኬቱን ላዩ ላይ አስተኙት። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳተ «ስትስበው ይገባል» ይላል ሻጩ። ይገባል፣ ሳስቶ ይገባል፣ በሳሳበት ያፈሳል። ቡሹን በአውራ ጣታችሁ ዙሪያ ጠቅልሉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ፍርፋሪ ከጣለ መልሱለት። በጥፍር ጫን አድርጉ፤ ደህናው ምልክቱን ቀስ ብሎ ያጠፋል፣ መናኛው ጥፍራችሁን እንደያዘ ይቀራል። ፍሬው ደቃቅና እኩል የሆነ፣ ከጎማ ጋር የተቀላቀለ ቡሽ ከንጹሑ ቡሽ የበለጠ ዕድሜ አለው። ንጹሕ ቡሽ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ይደርቅና ያጥራል፤ ቀዳዳው አልገጥም ካለ ከመወርወራችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከመገጠሙ በፊት ግን ይጠንፍፍ።

የጎማ ጋስኬትና ሲል (የሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያሽገው ቀለበት) ሲሆን ቁም ነገሩ ሙቀት ነው። ተራው ጥቁር ናይትራይል ጎማ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ ቫይተን የሚባለው 200 አካባቢ ይችላል። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ይታያል፤ ሞተሩን አውርዶ ለሚገባ ሲል ግን ቫይተኑን ግዙ። ጥርጣሬ ካላችሁ ከጋስኬቱ ጫፍ ጭራሪ ቆርጣችሁ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አብጦ ወይም ሟሙቶ ካገኛችሁት ሞተር ውስጥም የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ወረቀት ጋስኬት በእጅ መቁረጥ ነውር አይደለም፣ እኔም እቆርጣለሁ። ውፍረቱን ግን ጠብቁ። የዘይት ፓምፕ ክዳን ጋስኬት ስስ ነው፤ በወፍራም ከተካችሁት ጥርሶቹና ክዳኑ መካከል ክፍተት ይፈጠርና የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። የካርቶን ሳጥን ቀድዶ ጋስኬት የቆረጠ ሰው አይቻለሁ፤ የብስኩት ማስታወቂያው እንኳ ገና ይነበብ ነበር።

ከማፍሰሻው ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ ሲደጋገም ይጠጥራል። እሳት ላይ ቀይ እስኪመስል አግሉትና ቀዝቅዞ ግጠሙት፣ እንደገና ይለሰልሳል። አዲስ ካገኛችሁ ግን ይህን ያህል አትድከሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሳይረሳኝ፦ የድሮ የቴስታታ (ከብሎኩ በላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) እና የጭስ ማውጫ ጋስኬት አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በደረቁ በሽቦ ብሩሽ አትፋቁት፣ በአየር አትንፉት። በዘይት ወይም በውሃ አርጥቡትና በቁራጩ አንሱት። አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ጋስኬቱም ደህና፣ ከንፈሩም ቀና፣ ግን ዳገት ላይ ከየቦታው ይወጣል

ምልክቱ። ሜዳ ላይ ደረቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ከ1300 ሜትር ገደማ ከ3000 በላይ ወደሆነው ጣርማበር ስትወጡ ክዳኑም፣ የፊት ሲሉም፣ የዘይት ልክ ማያው ዘንግ አፍም በአንዴ ይረጥባሉ። አንዳንዴ ዘንጉ ራሱ ከቦታው ተነስቶ ይገኛል።

ምክንያቱ መተንፈሻው ነው። ሞተር ሁሉ በፒስተኑ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ጭነት ሲበዛ ይጨምራል። መውጫው ከተደፈነ ጋዙ ዘይቱን እየገፋ በደከመው ሲል በኩል ይወጣል። የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ያግዘዋል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ከቤት ገበያ ብቻ የሚመላለስ ሰው ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ያጠፋዋል፤ ውስጥ የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ይመታና እርጎ የመሰለ ነገር ይሆናል፣ መተንፈሻው ቱቦ ውስጥ ይጋገራል። የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ያንን ነጭ ነገር አይቶ «ቴስታታ ጋስኬቱ ተቃጠለ» ብሎ የሚያስፈታ አለ። በዘይት ልክ ማያው ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ ብርዱ ነው፣ ቴስታታውን ተዉት።

መፈተሻው ፌስታል ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክፈቱና ስስ ፌስታል አፉ ላይ ያዙበት። ትንሽ እፍ እፍ ማለት በድሮ ሞተር ያለ ነው። እንደ ፊኛ ከተነፋ መተንፈሻውን አጽዱ። ላንድሮቨር ላይ የመሙያው ክዳን ውስጥ የሽቦ ወንፊት አለ፤ በናፍጣ አጥባችሁ አራግፉት። ላዳ ላይ ከብሎኩ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው ወፍራም ጎማ ውስጥ የብረት እሳት መከላከያ ተቀምጧል፤ እሱን አውጥቶ ያጠበ ሹፌር እስካሁን አላገኘሁም፣ መኖሩን የሚያውቅም ጥቂት ነው። አጥባችሁ መልሱት፣ ዘጋ ብላችሁ አትጣሉት። ጎማው ራሱ በዘይት ለስልሶ ውስጡ የተጣበቀ ከሆነ ቀይሩት። መተንፈሻው ጸድቶም ፌስታሉ የሚነፋ ከሆነ ፋሻው አልቋልና የጋስኬት ገንዘባችሁን ለእሱ አጠራቅሙ።

ቮልስ

ቮልስ ሌላ ፍጥረት ነው። ዘይት የሚያፈስበት የተለመደው ቦታ የመግፊያ ዘንጎቹ የሚያልፉባቸው ስምንት ቱቦዎች ጫፍ ላይ ያሉት አሥራ ስድስት ጎማዎች ናቸው። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ቴስታታው አካባቢ ይግላል፣ ተራ ጥቁር ጎማ በሁለት ዓመት ድንጋይ ይሆናል። የሲሊኮን ጎማውን ፈልጉ፣ እዚህ ላይ ሲሊኮን ልክ ነው። ቱቦዎቹ እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደ ጫፍ አላቸው፤ ከመገጠማቸው በፊት በእጅ ሳብ አድርጎ ማርዘም ያስፈልጋል፣ 1300 ሲሲና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሞተሮች ወደ 190 ሚሊ ሜትር። የቱቦው የብየዳ መስመር ወደ ላይ ይዙር፤ ወደ ታች ከዞረ አንድ ቀን በዚያው ይፈሳል።

ሥሩ ያለችው ክብ የወንፊት ክዳን በስድስት ትንንሽ ዳዶ ትያዛለች። እነዚህም 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ናቸው። ብሎኩ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ጉልበት ያሳየ ሰው ብሎኑን ከነጥርሱ ይዞት ይወጣል፣ ቀጥሎ ቶርኖ ቤት ነው።

ከፍሪሲዮን በኩል የሚወርድ ዘይት

መጀመሪያ አሽትቱት። የማርሽ ዘይት ድኝ ድኝ ይላል፣ የሞተር ዘይት አይልም። ላንድሮቨር ላይ ፍሪሲዮን ቤቱ ሥር ባለው ቀዳዳ በኩል የሚንጠባጠበውን በጣት መቀበል ይበቃል። የማርሽ ከሆነ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሲል ነው፣ ሞተሩን አትውቀሱት። የሞተር ከሆነ ደግሞ ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት መተንፈሻውን አጽዱና ሳምንት ጠብቁ፤ ስንቱ በዚያው ደርቆልኛል።

ካልደረቀ ይወርዳል። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ላይ የድሮው ሲል ከንፈር የቆፈረው ቦይ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ አዲሱን በዚያው ቦይ ላይ አታስቀምጡት፤ ቤቱ ከፈቀደ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አድርጉ፣ ካልፈቀደ ቶርኖ ቤት ቀጭን እጅጌ ያልብሱት። የሽቦ ሞላ (ስፕሪንግ) ያለበት የሲሉ ከንፈር ወደ ዘይቱ ይዙር፣ ዘይት ይቀባ። በደረቁ የገባ ሲል በመጀመሪያው ደቂቃ ይቃጠላል። መኪናው ሥር ስትገቡ በክሪክ ብቻ አትመኑ፣ ግንድ ወይም ማቆሚያ ብረት አስገቡ።

አልፎ አልፎ የማያቸው

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በማርሽ ይዞ ወርዶ ነዳጅ ሲሰጥ ሰማያዊ ጭስ የሚለቅ ሞተር የቫልቮላ ጎማው ደርቋል፤ ይህ ዘይት መጨረስ እንጂ ማፍሰስ አይደለም። የዘይት ግፊት አመልካቿ ትንሽ ዕቃ ራሷ ትሰነጠቅና በኤሌክትሪክ ሶኬቷ በኩል ታፈሳለች፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ውስጡን እዩ። የቴስታታ ጋስኬት ወደ ውጭ ዘይት የሚያፈሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ካፈሰሰ ቴስታታውን ሳያስለኩ አዲስ ጋስኬት ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። የብሎክ ስንጥቅ ሁለት ጊዜ ብቻ አይቻለሁ፣ ሁለቱም ያለ ዘይት ከተነዱ ሞተሮች ነው።

ዘይት ማቆሚያ እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ለጥቂት ወር ይደርቃል፣ ከዚያ ያበጠው ጎማ ይፈርሳል። መኪናውን ልትሸጡ ካልሆነ በቀር አትጨምሩ። ልትሸጡ ከሆነ ደግሞ እኔ ዘንድ አታምጡት፤ ገዢው ሳምንት ሳይሞላው ይዞት የሚመጣው እኔው ዘንድ ነው።